ሁለቴ የተነገረ መርዶ

ብርድ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ሱቄ ከጎጃም በረንዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ደንበኛ ገና ከበራፉ ሳይገባ ለማን እንደሚገዛ አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ለሙሽራ የሚገዛ እጁን በብርድ ልብሱ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ለታማሚ የሚገዛ ክብደቱን ይመዝናል። ለራሱ የሚገዛ ደግሞ ሳይነካው ዋጋ ይጠይቃል። ይህን የተማርኩት ቆሜ በማየት ነው፤ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ታዲያ ደንበኞቼን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ነገር መጥቶ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ሲል፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነበር።

ይዛው የመጣችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። ጎረቤቴ ከሱቄ ቀጥሎ ባለው መደብ ቅመም የሚሸጡ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፣ በመሃላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ወንዱ ትልቁ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ታናሿ ሴት ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ለመርካቶ ነጋዴዎች በስልክ የሚለቀቅ ማስታወቂያ ትሠራለች። ዕቃውን በቪዲዮ ታነሳለች፣ የሚነገረውን ትጽፋለች፣ ከዚያ ኤአይ የሚሉት ነገር የጻፈችውን በመረጠችው ሰው ድምፅ ያነበዋል። ሰውዬው የለም። ድምፁ ብቻ ነው ያለው።

ለእኔ ብርድ ልብስ መጀመሪያ የሴት ድምፅ ሞከረች። ማንም አልመጣም። ቀጥላ እንደ ዜና አንባቢ የሚያጓራ የትልቅ ሰው ድምፅ አደረገችበት፤ ያንንም ሰው ዝም ብሎ አለፈው። በመጨረሻ የአንድ ወጣት ልጅ ድምፅ አመጣች፤ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የሚያፍር የሚመስል። «እናቴ፣ ይሄ ብርድ ለጉልበትሽ አይሆንም እኮ። አንዱን ላስቀምጥልሽ?» ይላል። በቃ፣ ሴቶቹ ጎረፉ። ገብተው ብርድ ልብሱን ሳያዩ «ያ ልጅ የታለ?» ነው የሚሉኝ። አንዷማ ሙዝ ገዝታለት መጣች። ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው ስላት ደነገጠች፣ ሙዙንም መልሳ ከዘንቢሏ ከተተች፤ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ገዝታ ሄደች። እስክትወጣ ጠብቄ በሳቅ ፈነዳሁ።

ልጅቷን ምስጢሩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ሰው እኮ ዋጋ ሰምቶ አይገዛም» አለችኝ። «ሲጠሩት ነው የሚገዛው። ስልኩ የትኛው ቃል ላይ ሰው ትቶት እንደሚሄድ፣ የትኛው ላይ ደግሞ መልሶ እንደሚያዳምጥ ይነግረኛል። ናፍቆት ያለበት ሰው መልሶ መልሶ ነው የሚያዳምጠው።» ያኔ ጎበዝ ልጅ ብዬ አደነቅኋት። ሽያጬ እንደዚያ ሲሆን ምን ልበል?

እትዬ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ወንድ ልጃቸው ሁልጊዜ የሚልክላቸው ቮይስ ነው። ስልካቸውን በጥብጣብ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ቮይስ ሲገባ የያዙትን ሚዛን ጥለው ከፍ አድርገው ይከፍቱታል። ኮረሪማ ሊገዛ የቆመ ሰው ሳይወድ በግዱ ያዳምጣል። «የልጄ ድምፅ ነው» ይሉታል። በተራው ውስጥ የልጁን ድምፅ የማያውቅ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ አንደበተ ጣፋጭ አልነበረም። «እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ።» «እማ፣ የላኩት ደረሰሽ?» «እማ፣ በየሰዓቱ አትደውዪ፣ ሰውዬው ይቆጣል።» ይኸው ነው። አልፈርድበትም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው አገር ቆሞ የሚውል የደከመው ልጅ ነው። እሳቸው ግን ያችኑ ሥራ ላይ ነኝ የምትለዋን ደጋግመው ሲሰሙ ይውሉ ነበር።

በዐቢይ ጾም ውስጥ መኪና ገጭቶ ገደለው። አላህ ይማረው። ስልኩ የተደወለው ለእትዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ብቻ ጆንያ የሚያስነሳ ሰውዬ ናቸው። በማግስቱ እኔ ሱቅ መጥተው በሩን ገርበብ አድርገው ነገሩኝ። እንዲያ ያለ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። እዚያው ያሉት የአገሩ ልጆች ቀብረውታል፤ አስከሬኑን ለማምጣት አልተቻለም። እትዬ ደግሞ በደም ግፊት ተኝተው ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነበር፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቋል። ወንድምየው ቆረጡ። «ግፊቷ ይስተካከል፣ ፋሲካም ይለፍ። ከዚያ እናረዳታለን» አሉ።

ሁላችንም ተስማማን። መርዶ እንደዚህ ነው። ቀኑን አይተን፣ ሰው ሰብስበን፣ የሚይዛት ሰው በግራና በቀኝ አስቀምጠን ነው ለአንዲት እናት የምንነግራት። እኔ ራሴ አባቴ የሞተ ጊዜ አራስ ነበርኩ፤ ሦስት ወር ሙሉ ደብቀውኛል። እየመጡ ገንፎዬን እየበሉ፣ እየሳቁ፣ አባትሽ ሰላም ብሎሻል እያሉኝ ይሄዱ ነበር። ስረዳ አልተቀየምኳቸውም። እነሱ ውሸቱን የተሸከሙት እኔ ወተቴ እንዳይደርቅ ብለው መሆኑን አውቃለሁ።

ያኔ ግን ስልክ አልነበረም። ደብዳቤ ዘገየ ማለት ይቻል ነበር፤ መንገደኛ ጠፋ ማለት ይቻል ነበር። አሁን እናት የልጇን ዝምታ በሰዓት ነው የምትቆጥረው። እትዬ ገና በሁለተኛው ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ እዪልኝ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ። ልጄ ዝም አለኝ» አሉኝ። ኔትወርክ ነው እትዬ አልኳቸው። በማግስቱም መጡ፤ ኔትወርክ ነው አልኩ። ከዚያ መደባቸውን መክፈት ተዉ። ምግብም ተዉ። ወንድማቸው ደጃፋቸው ላይ ሆነው «በዚሁ ከቀጠለችማ ሳንነግራት ትሞትብናለች» አሉኝ።

አንድ ጠዋት እትዬ መደባቸውን መልሰው ከፈቱ፤ ዕቃ እያወረድኩ ሳለ የሟቹን ድምፅ ከቆርቆሮው ወዲያ ሰማሁት። «እማ፣ አትጨነቂ። ስልኬ ተሰብሮ ነው። ደህና ነኝ።» ያወረድኩት ክምር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ እልል ሲሉ ተራው ሁሉ ብቅ ብቅ አለ፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ልጅቷ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ሱቄ አስገባኋት።

ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የወንድሟን የድሮ ቮይሶች ሰብስባ ለዚያው ማስታወቂያ ለሚያነበው ነገር ሰጥታዋለች። አሁን እሷ የጻፈችውን ሁሉ በወንድሟ ድምፅ ያነብላታል፤ በሌላ ቁጥር በስሙ ለእናቷ ትልካለች፣ የእናቷም መልስ ለእሷ ይደርሳል። «ለጥቂት ቀን ነው፣ ግፊቷ እስኪወርድ» አለችኝ።

«ሐራም ነው!» ጮህኩባት። «የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል አይጨመርም። አሁኑኑ አቁሚ።»

«እሺ» አለች። «እርስዎ ሄደው ይንገሯትና ስትወድቅ ይያዟት።»

አልሄድኩም። ለአጎቷም አልነገርነውም። ተራው ደግሞ እትዬ የድሮ ቮይስ ነው የሚሰሙት ብሎ ራሱን አሳመነ። እንዲህ አድርገን ሟቹን በሕይወት አቆየነው።

የሚገርመው፣ ከሞተ በኋላ የተሻለ ልጅ ሆነ። ሥራ ላይ ነኝ አይልም። «እማ፣ በልተሻል?» ይላል። «መድኃኒትሽን ውጪና ንገሪኝ፣ እየጠበቅሁ ነው» ይላል። «ጉልበትሽ እንዴት ነው? ማታ ለብ ባለ ውሃ ንከሪው» ይላል። አንድ ቀን «ናፍቀሽኛል» አለ። እትዬ እሷን ቮይስ ስንት ጊዜ እንደከፈቷት አላህ ይወቀው። ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰው የትኛው ቃል ላይ እንደሚቆይ ታውቃለች። ማስታወቂያ ሲሆን ግን ቃሉን አስባ ነበር የምትጽፈው። ለእናቷ ስትጽፍ አይቻታለሁ፤ ጣቷ አይቆምም፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

የእትዬ ግፊት ወረደ። ፊታቸው ወዛ፣ ምሳ ይበሉ ጀመር፣ ፀጉራቸውን ተሠሩ። «ልጄ ሰው ሆነልኝ» አሉኝ አንድ ቀን ጥቁር አዝሙድ እያበጠሩ። «አገሩ እያለ እንዲህ አያወራኝም ነበር። ስደት አስተማረው።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ሴት ልጃቸው እየጠቆሙ፣ «ይቺኛዋ አብራኝ እያደረች አንድ ቀን ጉልበትሽ እንዴት ነው ብላኝ አታውቅም» አሉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የፈሰሰ አብሽ መልቀም ጀመረች። እኔ ያን ፊት አይቼዋለሁ።

እናት ናቸውና መቼ ነው የምትመጣው ብለው ጠየቁት። ልጅቷ ጥያቄውን ለብዙ ቀን አድበሰበሰችው። እሳቸው ደግሞ አኮረፉ፤ መድኃኒቱን ተዉ። «ካልመጣ ለማን ብዬ ነው የምድነው?» አሉ። ያን ዕለት ድምፁ «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ መድኃኒትሽን ውሰጂ» አለ። እትዬ መድኃኒታቸውን ዋጡ። በማግስቱ መሃረባቸውን ፈትተው ሊገዙ ወጡ።

መጀመሪያ የመጡት እኔ ጋ ነው። «ለሁለት ሰው የሚሆነውን፣ ወፍራሙን ስጪኝ» አሉኝ። «ሲመጣ እድረዋለሁ። ልጅ አይቼለታለሁ።»

«አልቋል እትዬ» አልኩ።

ከኋላዬ ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ቀና ብለው አዩት። «ያ ምንድን ነው?»

«የተሸጠ ነው። የሰው ነው።»

ትተውኝ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ። መጋረጃ ሻጩም አልቋል አለ። ፍራሽ ሻጩ ፋብሪካው ቆሟል አለ። ሙሉ ልብስ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ቢጠይቁት የቆመበትን ወለል ነቅሎ የሚሸጥ ሰውዬ፣ የእሱ ልክ የለኝም ብሎ ፊቱን አዞረ። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ብቻ ሁሉም መሞቱን ያውቃል፤ የሞተ ሰው የሚዳርበትን ዕቃ ሸጦ ቤቱ መግባት የፈለገ አልነበረም። መርካቶን ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ተራችንን ወደድኩት።

እትዬ ግን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ምን ይወቁ? «የኔ ብር አይሠራም? ምን አደረግኋችሁ?» እያሉ መንገዱ መሃል ቆመው ጮኹ። «ልጄ ሊመጣልኝ ስለሆነ ቀናችሁብኝ!» አሉን። ሁላችንም ወደየሱቃችን ገባን።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ። ስልኩ መርዶ አያውቅም። አንድ ቀን መጋረጃ አይተው ትንሽ ቆዩበት መሰለኝ፣ በማግስቱ ስልካቸው ውስጥ የመጋረጃ መዓት ይመላለስ ጀመር። ማንበብ ባይችሉም ችግር የለም፤ ምስሉን ይነኩታል፣ ድምፅ ያናግራቸዋል፣ እሳቸውም በድምፅ ይመልሳሉ። ያ ድምፅ ደግሞ «እናቴ» ነው የሚላቸው። ሞተረኛ በሞተረኛ ላይ ሆነ። የመጋረጃ ጥቅል፣ የአንሶላ ጥቅል፣ በላስቲክ የታሸገ ሙሉ ልብስ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተከመረ። እትዬ እያንዳንዱን ሲረከቡ ጮክ ብለው ያመሰግናሉ፤ እኛ እንድንሰማው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእኔም ስልክ ጮኸ። በማስታወቂያው በኩል ትእዛዝ ገብቷል፦ ከባድ ብርድ ልብስ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን። ያ የማይኖረው የእኔ ወጣት ትእዛዙን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ «እናቴ፣ ለልጅሽ ከሆነማ የተሻለውን ነው የምመርጥልሽ» ብሎ ጨርሷል። የሚደርስበት ቦታ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ከሱቄ ቀጥሎ ያለው መደብ ነው። እኔ በአፌ የከለከልኳቸውን ብርድ ልብስ፣ በእኔው ስም ማሽኑ ሸጦላቸዋል።

ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። «አላየሁትም» አለች፤ ከንፈሯ ነጣ። «እሱ በራሱ ነው የሚመልሰው። እኔ እያንዳንዱን አላይም።» ሞተረኛው ሊወስድ ሲመጣ አልቋል አልኩት። ቀና ብሎ ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ከሌላ ሰው የገዙትን፣ ከእኔው የሚበልጥ ብርድ ልብስ ተሸክመው በደጄ አለፉ።

ፋሲካ አለፈ። ዳግም ትንሣኤም አለፈ። አንድ ሰኞ ንጋት ላይ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ እትዬ ቤት ሄድን። ወንድማቸው፣ የንስሐ አባታቸው፣ ሁለት የዕድር እናቶችና እኔ ነን። ሳሎኑ ውስጥ አዲሱ መጋረጃ ተሰቅሏል። በጓዳው በር በኩል የተነጠፈው አልጋ ይታያል፤ ሙሉ ልብሱ ላዩ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እትዬ ነጠላቸውን እየለበሱ ወጡና በቁማቸው ቀሩ። «ማን ነው?» አሉ። እኔና አንዷ እናት በግራና በቀኝ ያዝናቸው፣ አስቀመጥናቸው።

«እህቴ፣ በርቺ» አሉ ወንድማቸው። «ልጃችን አርፏል። የደቡብ አፍሪካው። ጾም ላይ ነው፤ ስላመመሽ ነው ያቆየንብሽ።»

እንዳይወድቁ፣ ደረታቸውን እንዳይደቁ ክንዳቸውን ጠበቅ አደረግሁ። ክንዳቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ሳቁ።

«ማታ አውርቶኝ?» አሉ። ስልኩን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ከፈቱት። «እማ፣ ዛሬ ደክሞሻል፣ በጊዜ ተኚ። ደህና እደሪ» አለ የሟቹ ድምፅ። ልጅቷ እንዲያርፉላት ብላ የላከችው ነው።

ቄሱ አማተቡ። ወንድምየው ጎንበስ ብለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይሄ መቼ ነው?»

«ማታ ነው እኮ የምልህ!»

እንደገና ከፈቱት። የሰውዬው ፊት ላይ ተስፋ ሲገባ አየሁ፤ ከዚያ የከፋ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሬሳውን አላዩትም፤ በስልክ የሰሙት ወሬ ነው። «ተሳስተው ነው» አሉ። «የሌላ ሰው ልጅ ቀብረው ነው! ይሄ የሱ ድምፅ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁት!» ብድግ አሉ። አንዷ እናት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ያ ግዙፍ ሰውዬ እህታቸው አንገት ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እትዬ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ «አላልኳችሁም?» ይላሉ። ጎረቤት በሩን እየከፈተ እልልታውን ከውጭ ይቀበላል። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ተቀምጫለሁ።

ልጅቷ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። «አቁሙ» አለች። የሰማት የለም። ደግማ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ፤ ተነስቼ ሳልደርስባት ጻፈችው።

የእትዬ ስልክ ጮኸ። ሁሉም ጸጥ አለ፤ መጣ፣ ደወለ ብለው ነው። እትዬ ፈገግ ብለው ከፈቱት።

«እማ፣ እኔ አይደለሁም» አለ የልጃቸው ድምፅ። «ሞቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ወንድምየው ልጅቷን በጥፊ መቷት፤ ቄሱ መሃል ገቡ። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። እትዬ አልጮኹም። ደረታቸውንም አልመቱም። ለረጅም ጊዜ ስልኩን ካዩ በኋላ ልጃቸውን መጠየቅ ጀመሩ፤ ሚዛን ላይ ቅመም እየጨመሩ እንደሚያዩ፣ ረጋ ብለው።

«በልተሻል ወይ የሚለኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ጉልበትሽን በውሃ ንከሪ ያለኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ናፍቀሽኛል ያለኝ?»

«እሱም እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺማ እዚሁ ነበርሽ» አሉ።

ድንኳን ተተከለ፣ ተራችን ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ደረሰ። እትዬ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ሰውን ሲያስተናግዱ ሰነበቱ፤ እንባ ግን አልወጣቸውም። ሰው ድንጋይ ሆኑ አለ። እኔ የሚመስለኝ ለማን እንደሚያለቅሱ ጠፍቷቸው ነው። ሥራ ላይ ነኝ ይል የነበረውን እንዳያለቅሱለት፣ የወደዳቸው ሌላኛው ነው። የወደዳቸውን እንዳያለቅሱለት፣ እሱ ደግሞ አልሞተም። ይህን ሳስብ እበሳጫለሁ፤ በማን እንደምበሳጭ ግን ለይቼ አላውቅም።

ያን የእኔን ወጣት ከማስታወቂያው አስወጣሁት። ሽያጬ ወደቀ። ይውደቅ። ሴቶቹ አሁን ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ልጅ አግኝተዋል። ልጅቷም ያን ሥራ እርግፍ አድርጋ ትታ ከእናቷ ጋር መደቡ ላይ ትውላለች። ቅመም ታበጥራለች፣ ዕቃ ታነሳለች። አጎቷ እስካሁን አያናግሯትም። እናቷ የሥራውን ያህል ብቻ ያናግሯታል፦ ሚዛኑን አምጪ፣ ለሰውዬው መልስ ስጪው።

አርባው ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት። ገበያ ቀዝቅዟል። ልጅቷ ምሳ ዕቃውን እናቷ አጠገብ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆየች፤ ከዚያ ተመልሳ መጣች። ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ሰማኋት። በገዛ አፏ «እማ፣ በልተሻል?» አለች።

በልቤ ዱዓ አደረግሁ። እትዬ አላዩዋትም። ስልኩን ከአንገታቸው አውልቀው ከፊት ለፊታቸው ጆንያው ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ዝም በይ» አሉ። «እሱ ይጠይቀኝ።»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። መንገደኛው በመሃል ያልፋል፣ ተሸካሚው ዞር በሉ እያለ ይጮሃል። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስልኳን አወጣችና ጻፈች።

«እማ፣ በልተሻል?» አለ የሟቹ ድምፅ።

«በላሁ፣ የኔ ጌታ» አሉ እትዬ።

ምሳ ዕቃው እንደተከደነ ነበር።